ከምልክት ወደ መጠን፤ የአሲድና የቤዝ መሻሻር ታሪክ

መግቢያ

የኬሚስትሪን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የሚያውቀው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም አሲድና ቤዝ በተገናኙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ኃይል ሽሮ ጨውና ውሃ ይሆናሉ የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ስለ ሆነ በቃል ለመያዝ አያስቸግርም፤ በፈተናም ጊዜ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ነገር ግን ይህ አንድ መሥመር እስኪጻፍ ድረስ የኤውሮጳ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደ ደከሙበት፥ በመካከሉም ደጋግመው እንደ ተሳሳቱ የትምህርት መጽሐፋችን አይነግረንም።

ይህን ታሪክ ለመመርመር የተነሣሣነው በቤተ ሙከራ ውስጥ ካጋጠመን ትንሽ ነገር የተነሣ ነው። አንድ ቀን ለሁለት ተከፍለን የአንድን ኮምጣጤ አሲድነት በሶዳ ውሃ እንለካ ነበር። የአንደኛው ወገን ማመልከቻ ቀለም ፌኖልፍታሊን፥ የሁለተኛው ደግሞ ሜቲል ኦሬንጅ ነበረ። ሁለታችንም ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ከቡሬቱ ሶዳውን በጠብታ አወረድን፤ ሁለታችንም ቀለሙ በተለወጠ ጊዜ አሲዱ ተሽሯል ብለን ጻፍን። ዳሩ ግን የጻፍናቸውን ቁጥሮች ስናስተያይ ሜቲል ኦሬንጅ የያዙት ከሌሎቹ ከግማሽ የሚያንስ ሶዳ ብቻ አፍስሰው ተገኙ። ኮምጣጤው አንድ፥ ሶዳውም አንድ ሲሆን መልሱ ሁለት ሆነ። እንግዲህ ቀለም መለወጡ የሚነግረን ምንድር ነው? ተሻረ ማለትስ ምን ማለት ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ስንፈልግ ያገኘነው፥ ጥያቄው የእኛ ብቻ ሳይሆን የዚህ ዕውቀት ታሪክ ራሱ መሆኑን ነው። ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት የምንሞክረውም የሚከተለውን ነው። ሰዎች መጀመሪያ የመሻሩን ምልክት አዩ፤ ቀጥሎ መጠኑን ለኩ፤ በመጨረሻ ምክንያቱን ተረዱ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ አሳስቷል፤ ስለ ምክንያቱ የተሰጠው ትምህርትም ከአንድ ጊዜ በላይ ፈርሷል፤ መጠኑ ግን እየተስተካከለ ጸንቶ ኖሯል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በምላስና በዓይን

ስሞቹ ራሳቸው ነገሩ በመጀመሪያ እንዴት እንደ ታወቀ ይመሰክራሉ። አሲድ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ መኮምጠጥን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። በአማርኛችንም ኮምጣጤ የሚለው ስም ከመኮምጠጥ የተገኘ ስለ ሆነ፥ እነርሱም እኛም ስም ያወጣነው በምላሳችን ፈርደን ነው ማለት ይቻላል። አልካሊ ግን ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ጨዋማ በሆነ ምድር ከሚበቅሉ አትክልቶች ተቃጥሎ የሚገኘውን አመድ ያመለክታል። የዚህ አመድ ውሃ በእጅ ላይ ያሙለጨልጫል፥ ቅባት ያነሣል፥ ከስብ ጋራም ሲፈላ ሳሙና ይሆናል። ኮምጣጤ በዚህ አመድ ላይ ቢፈስስ ይፈላል፥ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ካለቀ በኋላም የኮምጣጤው መኮምጠጥ፥ የአመዱም ማቃጠል አብረው ይጠፋሉ። አንዱ ለሌላው ማርከሻ ነው የሚባለው ዕውቀት ከዚህ ጀመረ።

በ17ኛው መቶ ዓመት ይህ የፈላ አረፋ የሐኪሞችን ሐሳብ ሳበ። ፋን ሄልሞንት የተባለው የፍላንደር ሊቅ ምግብ በሆድ ውስጥ የሚፈጨው በአሲድ ኃይል መሆኑን አስተማረ። ከ1658 ጀምሮ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሲልቪዩስ ደግሞ ነገሩን አስፍቶ፥ የሰው ጤንነትና በሽታ በአሲድና በአልካሊ መመዛዘን የሚወሰን ነው እስከ ማለት ደረሰ። በ1666 ኦቶ ታኬኒዩስ ባሳተመው መጽሐፍ ጨው ሁሉ ከአሲድና ከአልካሊ የተሠራ ነው ሲል ጻፈ። ይህ የታኬኒዩስ አባባል ለታሪካችን እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም አሲድና አልካሊ ሲገናኙ ሁለቱ ጠፍተው የሚቀሩ ሳይሆኑ ሦስተኛ ነገር የሚወልዱ መሆናቸውን ያመለክታልና።

መሻሩ ለምን እንደሚሆን የተሰጠው ትምህርት ግን ዛሬ ሲያነቡት ፈገግ ያሰኛል። በ1675 ኒኮላ ሌሜሪ በፓሪስ ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ፥ የአሲድ ቅንጣቶች እንደ እሾህ የሾሉ፥ የአልካሊ ቅንጣቶች ደግሞ ቀዳዳ የበዛባቸው ናቸው አለ። አሲድ ምላስን የሚወጋው ስለ ሾለ ነው፤ አልካሊ ሲያገኝ ግን እሾሁ በቀዳዳው ውስጥ ስለሚሰካ መውጋቱ ይቀራል። ይህን እሾህ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ነገሩን በቀላሉ ስለሚያስረዳ መጽሐፉ እጅግ ተወደደ፥ ደጋግሞም ታተመ።

በዚሁ ዘመን ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ1664 ስለ ቀለም ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከቫዮሌት አበባ የተሠራ ሰማያዊ ሽሮፕ አሲድ ሲነካው ቀይ፥ አልካሊ ሲነካው አረንጓዴ እንደሚሆን አስታወቀ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንጠቀምበት የሊትመስ ወረቀት የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። በ1675 ደግሞ ቦይል የሲልቪዩስን ተከታዮች ነቀፈ። የነቀፋውም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከአሲድ ጋራ የሚፈላውን ሁሉ አልካሊ ይላሉ፥ አልካሊ ምንድር ነው ሲባሉ ደግሞ ከአሲድ ጋራ የሚፈላ ነው ብለው ይመልሳሉ፤ ይህ ዙሮ ወደ ጀመረበት የሚመለስ አነጋገር እንጂ ዕውቀት አይደለም። ይህ ነቀፋ እውነተኛ መሆኑ ከሰማንያ ዓመት ያህል በኋላ በሙከራ ተረጋገጠ።

ጨርቅ የሚያነጹ ሰዎችና የሻይ ማንኪያ

ስለ መጠን መጠየቅ የተጀመረው በሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በ1699 ሆምበርግ የተባለ ሊቅ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ፥ አሲዶች ከአንድ ዓይነት አልካሊ ጋራ ሲገናኙ ምን ያህል ክብደት እንደሚጨምሩለት መዝኖ ነበር። ነገሩን ይበልጥ የገፋው ግን ገበያ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት በስኮትላንድና በአየርላንድ ከተልባ እግር የሚሠራው ጨርቅ ትልቅ ንግድ ነበረ። ጨርቁ ከሽመና ሲወጣ መልኩ ጥቁርነት ስላለው፥ ነጭ እንዲሆን በአመድ ውሃ ይቀቀላል፥ በሜዳ ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፥ ከዚያም በኮመጠጠ ወተት ውስጥ ይዘፈዘፋል። በዛሬው ቋንቋ ስንናገር የመጀመሪያው አልካሊ፥ የመጨረሻው አሲድ ነው፤ በጨርቁ ላይ የቀረውን አልካሊ ወተቱ ይሽረዋል። ይህ ሥራ ወራት የሚፈጅ ነበረ።

የኤዲንበርግ ሐኪም የነበረው ፍራንሲስ ሆም በ1756 ጨርቅን ስለ ማንጻት ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ነገር አቀረበ። አንደኛው በኮመጠጠው ወተት ፈንታ በውሃ የቀጠነ ሱልፈሪክ አሲድ ቢደረግ ሥራው እንደሚፈጥን ነው። ሁለተኛው ለእኛ ታሪክ ይበልጥ ያስፈልጋል። ነጋዴዎች ከውጭ አገር የሚያመጡት ፖታሽ ማለት የታጠበና የደረቀ የእንጨት አመድ ጨው፥ አንዳንዱ ብርቱ አንዳንዱ ደካማ ነበረ፤ ከርኩስ ነገር ጋራ የተደባለቀም ይገኝ ነበርና ገዥው ገንዘቡን የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ አያውቅም። ሆም ከፖታሹ በሚዛን ጥቂት ወስዶ፥ በውሃ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ በሻይ ማንኪያ እየለካ አንድ ባንድ ጨመረበት፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ድረስም ማንኪያውን ቈጠረ። ብዙ ማንኪያ የፈጀው ፖታሽ ብርቱ፥ ጥቂት የፈጀው ደካማ ነው። ዛሬ በቡሬት የምንሠራው ሥራ ከዚህ ከሻይ ማንኪያ የሚለየው በትክክልነቱ እንጂ በሐሳቡ አይደለም።

በዚያው በ1756 በዚያው አገር ሌላ ሰው የአረፋውን ምሥጢር ገለጠ። ጆዜፍ ብላክ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ክብደቱ የሚጎድለው አንድ ዓይነት አየር ስለሚወጣው መሆኑን በሚዛን አሳየ፤ ይህን አየር ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለዋለን። ይህ አየር የተለየው አልካሊ ከአሲድ ጋራ ሲገናኝ ምንም አረፋ አያወጣም፤ ነገር ግን አሲዱን ይሽረዋል፥ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ብርቱ ነው። እንግዲህ መቶ ዓመት ሙሉ የአሲድና የአልካሊ ጦርነት ሆኖ ሲቈጠር የነበረው መፍላት፥ በአልካሊው ውስጥ የነበረው አየር መውጣት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ምልክቱ ከነገሩ ጋራ አብሮ ይመጣ ነበር እንጂ ነገሩ ራሱ አልነበረም። የቦይል ጥርጥር የተረጋገጠው በዚህ ነው።

ስለዚህ የአረፋው ማለቅ የታመነ ወሰን ሊሆን አልቻለም። በ1767 ዊልያም ሉዊስ የተባለ እንግሊዛዊ ከአሜሪካ ስለሚመጣው ፖታሽ ሲጽፍ፥ አረፋውን ትቶ በሊትመስ የተነከረ ወረቀት ያዘ፤ የጨመረውንም አሲድ በማንኪያ ሳይሆን በክብደት ለካ። የቦይል ቀለምና የሆም መጠን በአንድ ሙከራ የተገናኙት በዚህ ጊዜ ነው።

ሪክተርና የቁጥሮቹ ሠንጠረዥ

በዚህ መካከል በፓሪስ ያስተምር የነበረው ሩኤል በ1754 ለነገሩ ሰፊ ስም ሰጠው። ከአሲድ ጋራ ተገናኝቶ ጨው የሚሆነው አልካሊ ብቻ አይደለም፤ ኖራም፥ ብረታ ብረትም ጨው ይወልዳሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድነት ቤዝ ብሎ ጠራቸው፤ መሠረት ማለት ነው፤ ለጨው ጽኑ አካል የሚሰጠው እርሱ ነው ብሎ ስለ አሰበ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ፥ እያንዳንዱ አሲድ ለእያንዳንዱ ቤዝ ምን ያህል ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሕይወቱ ሥራ ያደረገው ጀርመናዊው ኤሬምያስ ቤንያሚን ሪክተር ነበረ። ሪክተር በ1762 ተወለደ፤ በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1789 ያቀረበው ጽሑፍ የሒሳብ ትምህርት በኬሚስትሪ ውስጥ ስላለው ጥቅም የሚናገር ነበር። ከ1792 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት ስቶይኪዮሜትሪ የሚለውን ስም ለዚህ የመለካት ጥበብ አወጣ። ኑሮው ግን በማዕድን መሥሪያ ቤትና በበርሊን የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ነበረ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አላገኘም።

ሪክተር ያስተዋለው ነገር በመጀመሪያ ሲያዩት ተራ ይመስላል። ሁለት ገለልተኛ የሆኑ የጨው ውሃዎች ቢደባለቁ፥ በመካከላቸው አዲስ ጨው ቢሠራም እንኳ፥ ድብልቁ ገለልተኛ እንደ ሆነ ይቀራል፤ አይኮመጥጥም፥ አያቃጥልምም። እርሱ ግን ከዚህ ተራ ነገር ውስጥ ሕግ አወጣ። በምሳሌ እንግለጠው። 1000 ክፍል ሱልፈሪክ አሲድ በ859 ክፍል ሶዳ ይሻራል እንበል፤ ደግሞ 712 ክፍል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ793 ክፍል ኖራ ይሻራል። ሁለቱን ጨዎች በውሃ አሟሙተን ብንደባልቃቸው ሱልፈሪክ አሲዱ ኖራውን ይይዝና ጄሶ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱም ሶዳውን ይዞ የገበታ ጨው ይሆናል። ድብልቁ ገለልተኛ ሆኖ ከቀረ፥ የተረፈ አሲድ ወይም የተረፈ ቤዝ የለም ማለት ነው። እንግዲያስ 1000 ክፍል ሱልፈሪክ አሲድ በትክክል 793 ክፍል ኖራ፥ 712 ክፍል ሃይድሮክሎሪክ አሲድም በትክክል 859 ክፍል ሶዳ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ሦስቱን የለካ ሰው አራተኛውን ሳይለካ በሒሳብ ያገኘዋል።

የሪክተር አጻጻፍ ከባድና የተወሳሰበ ስለ ነበር ጥቂት ሰዎች ብቻ አነበቡት። ሥራውን ያዳነው ኤርንስት ጎትፍሪድ ፊሸር ነው። ፊሸር በ1802 የፈረንሳዊውን የቤርቶሌን መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፥ የሪክተርን የተበታተኑ ቁጥሮች ሰብስቦ ሱልፈሪክ አሲድን 1000 በማድረግ በአንድ ሠንጠረዥ አዘጋጃቸው። ከላይ በምሳሌ የጠቀስናቸው አራቱ ቁጥሮች የተወሰዱት ከዚሁ ሠንጠረዥ ነው። ቤርቶሌም በ1803 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ሠንጠረዡን ስላገባው በኤውሮጳ ሁሉ ታወቀ።

እኛ እነዚህን ቁጥሮች በዛሬው የአቶም ክብደት መርምረናቸዋል። ከውሃ ለተለየ 1000 ክፍል የሱልፈሪክ አሲድ 700 ክፍል ኖራና 774 ክፍል ሶዳ ይበቃል፤ የሪክተር 793ና 859 ግን ከዚህ ይበልጣሉ። ስሕተቱ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን እርስ በርሳቸው ብናስተያይ፥ በሪክተር ሚዛን ሶዳው የኖራውን 1.083 እጥፍ ሲሆን በዛሬው ሚዛን 1.105 እጥፍ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው። የአሲዱን ክብደት በማወቅ ረገድ ቢሳሳትም የቤዞቹን ዝምድና ወደ እውነቱ አቅርቦ አግኝቶታል።

ስለ ሪክተር ሌላም መነገር የሚገባው ነገር አለ። የቤዞች ቁጥሮች እኩል በመደመር፥ የአሲዶች ቁጥሮች ደግሞ እኩል በመባዛት እየተከታተሉ የሚሄዱ ናቸው ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት በእውነት የለም፤ እርሱ ግን ሊያገኘው ስለ ተመኘ ቁጥሮቹን ወደ ምኞቱ ያዘነብል ነበር። በ1807 ሲሞት ይህ እምነቱ አብሮት ሞተ፤ የገለልተኛ ጨዎች ሕግ ግን ዛሬም አለ።

የላቮዋዚዬ ስሕተት

መጠኑ ሲታወቅ ምክንያቱም የታወቀ መስሎ ነበር። ታላቁ ላቮዋዚዬ ድኝ፥ ፎስፎርና ከሰል በአየር ውስጥ ተቃጥለው በውሃ ሲሟሙ አሲድ እንደሚሰጡ ካየ በኋላ፥ አሲድን አሲድ የሚያደርገው በአየር ውስጥ ያለው ይህ የማቃጠል ኃይል ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ኦክሲጅን አለው፤ አሲድን የሚወልድ ማለት ነው። በ1789 ባሳተመው ስመ ጥሩ መጽሐፍ፥ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገና ያልተገለጠ አንድ ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ጋራ ተገናኝቶ የተሠራ መሆን አለበት ብሎ በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ያዘለት። የሚፈለገው ኦክሲጅን ግን ሊገኝ አልቻለም። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ በሎንዶን፥ ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን፥ አሲዱም ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን ብቻ የተሠራ መሆኑን አስረዳ። በ1838 ሊቢሽ ትምህርቱን አስተካክሎ፥ አሲድ ማለት በብረት ሊተካ የሚችል ሃይድሮጅን ያለበት ነገር ነው ሲል ጻፈ። ኦክሲጅን የሚለው ስም ግን ስሕተቱን እንደ ተሸከመ እስከ ዛሬ ይኖራል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሊቃውንቱ አሲድ ኦክሲጅን ነው ወይስ ሃይድሮጅን እያሉ በሚከራከሩበት ዘመን፥ በየፋብሪካው የሚሠራው መለካት አንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ እንዲያውም ተሻሻለ። ጌ ሉሳክ በ1824 ቡሬትና ፒፔት የሚሉትን ስሞች አወጣ፤ በ1828 ደግሞ የፖታሽን ብርታት በሱልፈሪክ አሲድና በሊትመስ የሚለካበትን ሥርዓት አሳተመ። ለፖታሽ ገዥው አሲዱ ኮምጣጣ የሆነው በማን ምክንያት እንደ ሆነ ማወቅ አላስፈለገውም፤ ስንት እንደሚበቃ ማወቅ አስፈለገው እንጂ። ትምህርቱ ሲፈርስ ቁጥሩ አልፈረሰም፤ አዲሱም ትምህርት የተፈተነው በዚያው ቁጥር ነው።

ከሙቀት ወደ ምክንያት

ለምክንያቱ በር የከፈተው ሙቀት ነው። አሲድና ቤዝ ሲሻሻሩ ፈሳሹ ይሞቃል። በፔተርስቡርግ ያስተምር የነበረው ሄስ ከ1840 ጀምሮ ይህን ሙቀት ሲለካ፥ ገለልተኛ የሆኑ ቀጭን የጨው ውሃዎች ሲደባለቁ፥ የሚዘቅጥ ነገር ከሌለ፥ ሙቀት እንደማይሰጡም እንደማይወስዱም አስተዋለ። ሪክተር በቀለም ያየውን ሄስ በቴርሞሜትር አየው ማለት ነው። ደግሞም ብርቱ አሲዶችና ብርቱ ቤዞች በቀጭን ውሃ ውስጥ ሲሻሻሩ፥ አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ ቢሆን ወይም ናይትሪክ፥ ቤዙ ሶዳ ቢሆን ወይም ፖታሽ፥ የሚወጣው ሙቀት አንድ ነው፤ በዛሬው መለኪያ ለአንድ ሞል 57 ኪሎጁል ያህል ነው። የተለያዩ ነገሮች ተገናኝተው እንዴት አንድ ዓይነት ሙቀት ይሰጣሉ?

መልሱን የሰጠው ስዊድናዊው አሬኒየስ ነው። በ1884 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዝቅተኛ ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1903 ግን በዚሁ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እርሱ እንዳስተማረው አሲድ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን ኢዮን፥ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሲል ኢዮን ይለቅቃል። የጨው ኢዮኖች በውሃው ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩ ስለ ሆነ ከመሻሩ በፊትም በኋላም ያው ናቸው። በእውነት የሚሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሲል ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ሥራው አንድ ስለ ሆነ ሙቀቱም አንድ ሆነ። ሁለት ገለልተኛ ጨዎች ሲደባለቁ ገለልተኛ የሚቀሩትም የተረፈ ሃይድሮጅን ወይም ሃይድሮክሲል ስለሌለ ነው። የሪክተር ሕግ ምክንያቱን ያገኘው ከታተመ ወደ መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ነው።

በ1909 ሶረንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ፒኤች የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውሃ 7 ይሆናል። በዚህ መለኪያ የእኛን የኮምጣጤ ነገር መፍታት ይቻላል። የኮምጣጤ አሲድ ደካማ ስለ ሆነ፥ ልኩ የሆነውን ሶዳ አግኝቶ ባለቀ ጊዜ የሚቀረው የጨው ውሃ 7 ሳይሆን ከ8 በላይ ነው፤ ጨው ሁሉ በጠባዩ ገለልተኛ አይደለምና። ፌኖልፍታሊን ቀለሙን የሚለውጠው ከ8 በላይ ስለ ሆነ በትክክለኛው ሰዓት ይናገራል። ሜቲል ኦሬንጅ ግን ከ3 እስከ 4 ተኩል ባለው ውስጥ ስለሚለወጥ፥ አብዛኛው አሲድ ሳይሻር ጨርሻለሁ ይላል። እንግዲህ ቀለሙ አልዋሸንም፤ የጠየቅነው ሌላ፥ የመለሰልን ሌላ ነበረ እንጂ።

የአሬኒየስም ትምህርት የመጨረሻው አልሆነም። የአሞንያ ጋዝና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ውሃ በሌለበት ሲገናኙ ነጭ ጢስ የሚመስል ጨው ይሠራሉ፤ እዚህ ላይ ሃይድሮክሲል የለም፥ ውሃም አይወለድም። በ1923 ብሮንስቴድ በዴንማርክ፥ ላውሪ በእንግሊዝ፥ ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ አሳተሙ፤ አሲድ ፕሮቶን የሚሰጥ፥ ቤዝ ፕሮቶን የሚቀበል ነው አሉ። ስለዚህ በመግቢያችን የጠቀስነው ጨውና ውሃ ይሆናሉ የሚለው ዐረፍተ ነገር እንኳ ለብዙው እንጂ ለሁሉ የሚሠራ አይደለም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ ለአገራችንም ሥራ የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። በወለጋ፥ በአዊ፥ በጋሞ ደጋና ዝናም በሚበዛባቸው ሌሎች ቦታዎች የእርሻው መሬት በአሲድነት የተጎዳ ነው። ብዙው ዝናም ካልሲየሙንና ማግኔዚየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ መከሩም እየታጨደ በሄደ ቍጥር ከአፈሩ ይዞ ይሄዳል። ፒኤቹ ከ5 ተኩል ዝቅ ሲል አሉሚኒየም እየሟሟ የገብሱን ሥር ይጎዳል። ማርከሻው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ፍራንሲስ ሆም ፖታሹን ሲለካ ያየው፥ ጆዜፍ ብላክም የመዘነው ያው አየር እዚህም ከኖራው ይወጣል።

ነገር ግን ሁለት ማሳዎች ፒኤቻቸው እኩል 5 ቢሆን፥ የሚያስፈልጋቸው ኖራ እኩል ነው ማለት አይደለም። አሸዋ የበዛበት አፈር ጥቂት ይበቃዋል፤ ጭቃማው አፈር ግን በቅንጣቶቹ ላይ የያዘው የተሰወረ አሲድ ስላለ፥ በውሃው ውስጥ ያለው ሲሻር ያንን እየለቀቀ ብዙ እጥፍ ኖራ ይጠይቃል። ፒኤች አፈሩ መኮምጠጡን ይነግራል፤ ስንት ኩንታል እንደሚበቃው የሚታወቀው አፈሩን ራሱን ከኖራ ጋራ በቤተ ሙከራ በመለካት ነው። ኩንታሉ በገበሬው አህያ ጀርባ ላይ የሚጫንና በገንዘቡ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ ምልክቱን ከመጠኑ ጋራ ያደባለቀ ሰው የሚያሳጣው የፈተና ነጥብ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ እህል ነው።

በቤተ ሙከራችን የጻፍናቸውን ሁለት ቁጥሮች አልሰረዝናቸውም። የመጀመሪያው የኮምጣጤው ልክ መሆኑን፥ ሁለተኛው ደግሞ ቀለም የተለወጠበት ቦታ ብቻ መሆኑን በአጠገባቸው አመልክተን በመዝገባችን ትተናቸዋል።